ዝምድና፦ የእህት ልጅ

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ቃሊቲ ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን፣ ሁለት ወንበሮቼንና አንድ ትልቅ ዣንጥላ ዘርግቼ መቀመጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከፊት ለፊቴ ከባድ መኪኖች ሲሚንቶና ብረት ጭነው ያልፋሉ፤ በበጋ አቧራቸውን፣ በክረምት ጭቃቸውን ያካፍሉኛል። ወረቀቶቼን በፕላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጣለሁ፤ እኔን ግን የሚሸፍነኝ የለም።

ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ተናዶ ነው። ካርታው ጠፍቶበት፣ ውሃው ተቆርጦበት፣ ልጁ ታስሮበት ይመጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ነገሩን ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። መጀመሪያው ብዙ ጊዜ አያቱ ናቸው። እሰማለሁ፣ እሰማለሁ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ጨምቄ በአንድ ገጽ እጽፈዋለሁ። ከአንድ ገጽ የበለጠ ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሹም አይቼ አላውቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሹሞቹ ሲያነቡ ዓይናቸውን እያየሁ የደረስኩበት ነው።

ሙያዬ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይዘጋጃል፤ አስቀድሞ መዝገብ ቤት ይገባል፣ "ገቢ ሆኗል" የሚል ማኅተምና ቁጥር ያርፍበታል፣ ኃላፊው ዘንድ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ የበርበሬ መጠቅለያ ነው። ነገርን በቃል ተነጋግሮ መጨረስ የሚባለውን አልወድም፤ በቃል የተባለ ሁሉ በማግስቱ "እኔ መቼ አልኩ?" ይሆናል። ሁለተኛው ሕግ የትም አልተጻፈም። ቅጽ ላይ "ዝምድና" የሚል ቦታ ካለ ባዶ አይተውም፣ "ጎረቤት" ተብሎም አይሞላም። ቢሮ ጎረቤት የሚባል ዘመድ አያውቅም። የሟች ጓደኛዋን ልጅ ያሳደገች ሴት መጥታ "ምኗ ነኝ ልበል?" ስትለኝ "አክስት" ብዬ እጽፋለሁ። አብሮ አደጉ ሐኪም ቤት ተኝቶበት ሊፈርምለት የመጣውን ሰውዬ "ወንድም" አድርጌዋለሁ። ውሸት ነው የሚለኝ ካለ፣ እሱ እውነቱን ጽፎ በሩ ላይ ይቁም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ ሰሞን በረንዳችን ምክር ቤት ሆኖ ነበር። ባለፎቶ ኮፒው አዋጁን አንዱ ደንበኛ ከስልኩ ልኮለት አትሞ በሩ ላይ ለጠፈው፤ ሰው ቆሞ ያነባል፣ ካነበበ በኋላ ዞሮ እኔን ይጠይቃል። ባለፎቶ ኮፒው የስልጤ ሰው ነው፤ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል፣ ትሕትናው ግን ከክርክር አያግደውም። እኔ አዋጁን እደግፍ ነበር። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል እንጂ ያኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምደግፈው።

"ሕግ የሚኖረው አገር ሲኖር ነው" እል ነበር። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ ጋሼ" ይለኛል ባለፎቶ ኮፒው፣ የማሽኑን ክዳን እየከፈተ። "ግን ሁሉም ከተጠረጠረ ጠርጣሪው ከየት ሊመጣ ነው?"

"እሱማ መንግሥት አለ።"

"መንግሥትም እኮ የሆነ ሰፈር ነው የሚያድረው።"

ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ አንዱ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ የለበትም ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ መነጽሬን አስተካክዬ፣ ያ በመደበኛው ጊዜ እንደሆነ፣ አሁን ግን በአዋጁ እንደታገደ፣ ይህም በሌላውም ዓለም ያለ አሠራር እንደሆነ አስረዳለሁ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ብዬም እጨምርበት ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ማውራቱ ይጥመኝ ነበር። ከማውቃቸው ሰዎች እስከዚያ ቀን የተነካ አልነበረም።

ወዲያው ደግሞ አከራይ ሁሉ ተከራዩን ያስመዝግብ ተባለ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አስጠግቶ የተገኘ በሕግ ይጠየቃል። በሁለት ቀን ውስጥ የሰፈሩ አከራይ ጠረጴዛዬ ፊት ተሰለፈ። ከሳሪስ የመጡ አሉ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጡ አሉ። አንዲት እናት ስድስት ዓመት ያከራዩትን ሰው ስም አያውቁም፤ "የማሙሽ አባት ነው የምንለው" አሉኝ። ቅጹ ግን ሙሉ ስም እስከ አያት ነው የሚለው። ደውለን ጠየቅነው። ሰውየው በስልክ ስሙን ሲናገር ሴትየዋ "ውይ፣ ጥሩ ስም ነው ያለህ ለካ" አሉት። እንዲህ እየሳቅን ነው የሞላነው።

የራሴን ቅጽ የሞላሁት በሦስተኛው ቀን፣ በሁለት ደንበኞች መሀል ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አቃቂ ነው። ልጆቻችን ወጥተው ሄደዋል፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ቤት ለአንድ በያጅ አከራይተናል። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ቃሊቲ አንድ ብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። ማታ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሸሚዙ እጅጌ በፍንጣሪ ተበሳስቶ ነው። ጭሱን ይገድልልኛል ብሎ በየቀኑ ወተት ይጠጣል፤ ወተቱን የምታስቀምጥለት ባለቤቴ ነች። አያወራም። ሁለት ዓመት አብሮን ሲኖር ከእሱ የሰማሁት ቃል አንድ ማመልከቻ አይሞላም። ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የግቢያችን በር፣ ዘመም ብሎ ለዓመታት ያስቸገረን በር፣ ተቃንቶ በአንድ ጣት ሲከፈት አገኘነው። ማን እንዳቃናው ስንጠይቀው "ላላ ብሎ ነበር" ብሎ ገባ።

የመጣበት አገር ከጦርነቱ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ወር የሚዘጋ ነው። የነበረው መታወቂያ ጊዜው አልፏል። እዚህ አዲስ ለማውጣት መሸኛ ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው የእኛ ነዋሪ ነበር፣ አሁን ለቋል የሚል ደብዳቤ ከወጣበት ቀበሌ ማምጣት አለበት። ቀበሌው ግን ተዘግቷል። ማኅተሙም ሰዎቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌለታለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ የተሰጠው መልስ "መሸኛ ያምጣ" የሚል ነበር። እንግዲህ "ተከራይ" ብዬ ባስመዘግበው የታደሰ መታወቂያ ኮፒ አያይዝ እባላለሁ። ዘመድ ከሆነ ግን በአባወራው ኃላፊነት በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። "ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና" ከሚለው ፊት ለፊት "የእህት ልጅ" ብዬ ጻፍኩ። አፍንጫዬን ለመናፈጥ ከምወስደው ጊዜ በላይ አልወሰደብኝም። በሁለት ኮፒ አስገባሁ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ አንዱን ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ወረቀት የእኔ ሥራ ነው፣ ብረት የእሱ ነው ብዬ አስቤ ይሆናል። በዚያ ላይ ብነግረው ያመሰግነኛል፤ እሱ ደግሞ ሲያመሰግን ቆሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው፣ ያን ማየት ይከብደኛል። ይኸው ነው ምክንያቴ። ከዚህ የተሻለ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ፍተሻው የመጣው በወሩ በአምስተኛው ቀን ነው። እኔና ባለቤቴ ሳሪስ አቦ ሄደን ነበር፤ በየወሩ የአቦ ዕለት አይቀርብንም። ስንመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሰርቪስ ቤቷም እንዲሁ። ፍራሹ ተገልብጧል፣ የወተቱ ጆግ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሰውየው የለም። የሆነውን የነገረችን የአጥር ጎረቤታችን ነች። ፖሊሶች ስም ዝርዝር ይዘው ነው የመጡት። መታወቂያውን አዩ፣ ጊዜው አልፏል። ከዚያ "ለቤቱ ባለቤት ምናቸው ነህ?" ብለው ጠየቁት። "ተከራያቸው ነኝ" አለ። ዝርዝሩ የእህት ልጅ ይላል ሲሉት፣ እሱን አላውቅም አለ። "በሉ ወደ መኪናው" አሉት፤ ሄደ።

ባለቤቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"አልነገርከውም?"

"አልነገርኩትም።"

"ሰው ሁሉ ላይ ምላስህ እንዲህ እየረዘመ፣ ለእሱ አንድ ቃል አጠረህ?" አለችኝ። እኔም ልብሴን ሳልቀይር ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድኩ።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ወጣት ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እሷን እየረገምኩ እኖር ነበር፤ ግን ከወንበሯ ተነስታ ነው ያስቀመጠችኝ። "አባቴ" እያለች ነው ያናገረችኝ። ጥያቄዋም ያልተገባ አልነበረም። "ወረቀትዎ የእህት ልጅ ይላል። እሱ ተከራይ ነኝ ይላል። ዘመድ የሆነ ሰው ዘመዱን ለምን ይክዳል? ዘመድ ካልሆነ ደግሞ ማን ነው ብሎ ማሰብ የእኔ ሥራ አይደለም?"

ስለ አርባ ስምንት ሰዓቱ ጠየቅኳት። ያንን የጠየቀችው ምላሴ ናት እንጂ እኔማ መልሱን አውቀዋለሁ። "እሱ በአዋጁ ታግዷል አባቴ" አለችኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ስናገረው በነበረው ቃል ነው። እውነቱን እዚያው መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ያስጠጋውን ሰው ማንነት የደበቀ በሕግ ይጠየቃል የሚለው መስመር ግን ፊቴ ድቅን አለ፤ ደጋግሜ ለሰው ያነበብኩት መስመር ነው። "እስቲ ነገሩን አጣርቼ እመለሳለሁ" አልኳት። ሹሞች ለእኔ ሲሉኝ የኖሩትን ለእሷ አልኳትና ወጣሁ። ፈርቼ ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት ስንቅ አመላለስኩ። ባለቤቴ ምሳ ዕቃውን ትሞላለች፣ እኔ በር ላይ አደርሳለሁ። ዘበኛው "ምኑ ነዎት?" ይላል፤ "አጎቱ" እላለሁ፤ ይገባል። ከሰዓት ምሳ ዕቃው ታጥቦ ይወጣል። እሱን ግን አላየሁትም። አንድ ቀን ዘበኛው "አመስግንልኝ ብሏል" ሲለኝ እቤት እስክደርስ ድረስ ምሳ ዕቃው እጄ ላይ ከበደኝ።

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ በር ላይ አገኘችኝና ካልተጣራ በሁለት ቀን ውስጥ መዝገቡ ወደ በላይ ሊተላለፍ እንደሚችል ነገረችኝ። ወደ በላይ ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ደንበኞች ቆመው እየጠበቁኝ የራሴን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። "ጉዳዩ፦ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስለማሳወቅ" አልኩ። ሰውየው የሥጋ ዘመዴ እንዳልሆነ፣ የእህት ልጅ ብዬ የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሱ ይህን እንደማያውቅ፣ ተከራይ ነኝ ያለውም እውነቱን እንደሆነ፣ ቅጣት ካለ ለእኔ እንደሚገባ ጻፍኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። አንድ ስርዝ የለውም። አንድም ክቡርነትዎ አላበዛሁበትም። ጽፌ ስጨርስ እንባዬ መጣ፤ ከጸጸቱ ይልቅ የጽሑፉ ማማር ያስለቀሰኝ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ባለፎቶ ኮፒው ኮፒ ሲያደርገው አነበበው። ማሽኑን አቆመና በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ መጀመሪያ በአፍዎ ያናግሯት።"

"ምን ብዬ?"

"ይህንኑ። ቁጭ ብለው ይንገሯት። ሴትየዋ ሰው ናት ብለውኝ የለ? ምን እንደምትል ይስሙና ወረቀቱን ከዚያ ይስጡ።"

"አንተ ወረቀትህን አባዛ" አልኩት፣ "ሕጉን ለእኔ ተወው። በቃል የሄደ ነገር በቃል ይቀራል። ነገ አልተነገረኝም ብትልስ?" ሰው ፊት ስለነበርን ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። እሱ ኮፒዎቹን አስተካክሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ሚኒባስ ይዤ ጣቢያው ደረስኩ። ቀጥ ብዬ መዝገብ ቤት። መዝገብ ያዧ ልጅ ማኅተሙን ስታሳርፍበት፣ ቁጥሩን በሰማያዊ ቀለም ስትጽፍበት፣ ከአቦ ዕለት ጀምሮ የተቆለፈ ደረቴ ተከፈተ። ኮፒዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ መርማሪዋ ቢሮ ገባሁ።

ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ መሀል ላይ ተቀመጠች።

"ይህን መዝገብ ቤት አስገብተውታል?"

"አሁን። ማኅተሙ ይኸው።"

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ መዝገብ አወጣች።

"ትናንት ከሰዓት ቃሉን ሰጥቷል። እውነቱን እንዲነግረኝ ብዬ፣ ያስጠጋውን ሰው የደበቀ አከራይ እንደሚጠየቅ ነገርኩት። 'ሽማግሌው ይታሰራሉ ማለት ነው?' አለኝ። ሊሆን ይችላል አልኩት። ከዚያ ተደናግጬ ነው እንጂ አጎቴ ናቸው አለ። እናቴ እህታቸው ናት ብሎ የእናቱን ስም ሰጠ፤ ፈረመ።" መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ፊርማው የልጅ እጅ ጽሑፍ ይመስላል። "ወረቀትዎና ቃሉ ገጥመውልኝ ነበር። በሌላ በኩልም የተገኘበት ነገር የለም። ዛሬ ከሰዓት ደውዬልዎ በእርስዎ ዋስትና ልለቀው ነበር አባቴ።"

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ እጄን ዘርግቼ "እንግዲያው መልሽልኝ" አልኳት።

"ገቢ ሆኗል እኮ።"

"ቅደጂው። እኔም ኮፒዬን እቀደዋለሁ።"

"ቁጥር አለው። ልጅቷ መዝገብ ላይ አስፍራዋለች። ይህን ይዤ እሱን ብለቅ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ።"

ለመንኳት። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጄ የምትሆን ሴት ጉልበት ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። "ለምን አስቀድመው አላናገሩኝም?" አለችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፣ የእኔ ከወረቀት የወጣ ነበር። ለራሴ ምን እንደሚደርስብኝ ስጠይቃት፣ ያን እንኳ አልረሳሁም፣ ሲፈልጉኝ እንደሚጠሩኝና ከከተማ እንዳልወጣ ነገረችኝ። እሱ ግን ሁለት የተለያየ ቃል ሰጥቷል፤ ሁለተኛው ሐሰት መሆኑን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ በዚያው ቀን ወደ በላይ ሄደ።

እስከ ዛሬ አልጠሩኝም። ጠረጴዛዬም ከቦታው አልተነቃነቀም። ባለፎቶ ኮፒው ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ብቻ አሁን ስለ አዋጅ ክርክር ሲነሳ ሁለታችንም ሥራ እንይዛለን። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ በአፍህ ተናገር እለዋለሁ፤ አንዳንዱ ለመናገር የሚያስገባው ስለሌለ ነው ወደ እኔ የመጣው፣ ግራ ተጋብቶ ያየኛል። ለበያጁ ከዚያ ወዲህ ስድስት ማመልከቻ ጽፌለታለሁ፤ አምስቱን የት ማስገባት እንዳለብኝ የሚነግረኝ አጥቼ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አሁን የት እንደሚገኝ አላውቅም። የት እንዳለ ለመጨረሻ ጊዜ ያወቅሁትን ቀን ልናገርና ልጨርስ።

መዝገቡ ከተላለፈ ከሳምንት በኋላ፣ የተያዙት ሰዎች ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ በኩል አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ሰማን። ባለቤቴ ምሳ ዕቃውን ሞላች። ከእኔ ጋር ብዙም አታወራም ነበር፤ ስታቀብለኝ "ትኩሱን ይድረስለት" ብቻ አለች። ሁለት ሚኒባስ ቀይሬ ከመኪና መንገዱ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ምሳ ዕቃና ፌስታል የያዘ ሰው በፀሐይ ተሰልፏል። በሩ ላይ አንድ ወጣት ጠባቂ ደብተር ይዞ ይመዘግባል፤ መታወቂያ ይቀበላል፣ የእስረኛውን ስም ይጠይቃል፣ ምኑ እንደሆንክ ይጠይቃል፣ ያስፈርማል። ለሥጋ ዘመድ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ተራዬ ደረሰ። መታወቂያዬን ሰጠሁ፣ የበያጁን ስም እስከ አያቱ ነገርኩት።

"ምኑ ነዎት?"

ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ጠባቂው ቀና ብሎ አየኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው።

"አባባ፣ ምኑ ነዎት? አጎት ነዎት?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አጎቱ ነኝ ይበሉና ይፈርሙ በቃ። ሰው ሁሉ እንደሱ እያለ ነው የሚገባው።"

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ያ ማኅተም የሰፈረበት ገጽ ዓይኔ ላይ መጣ። እዚያ ላይ የሥጋ ዘመዴ አይደለም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ እዚህ አጎቱ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ ሦስተኛ ወረቀት ሊሆን ነው፣ ሦስቱንም አንድ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያገናኛቸው ምን ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ለእሱ ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። የፈራሁት ለራሴ ነው።

"ዝምድና የለንም" አልኩ።

"እንግዲያው አይቻልም፤ ይቅርታ አባባ" ብሎ መታወቂያዬን መለሰልኝ።

ምሳ ዕቃውን አቅፌ ከሰልፉ ወጣ ስል፣ ከሽቦው አጥር ማዶ እስረኞች አየር ሊቀበሉ ሲወጡ አየሁ። እሱ ከመሀላቸው ነበረ። ከስቷል፤ ያው የተበሳሳ እጅጌው ነው። አየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ እንጂ ሌላ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ጠባቂው እንዲሰማ አስቦ ይመስለኛል፣ በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

"አጎቴ!"

ጠባቂው ከደብተሩ ቀና አለ። እሱን አየው፣ ዞሮ እኔን አየኝ።

"እርስዎን ነው?"

"እንጃ" አልኩት።

ሁለተኛ ጊዜ ጠራኝ።